የጠላ ጥንስስና የጀማሪ ጠማቂ ሥጋት

ጠላ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገሮች ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ የሚጠመቅ መጠጥ መሆኑ የታወቀ ነው። በትግርኛ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ ይባላል። የሚጠመቅበትም እህል እንደ አገሩ ይለያያል፤ በአንዱ አገር ገብስ፣ በሌላው ዳጉሳ፣ በሌላውም ማሽላ ወይም በቆሎ ይሆናል። ብቅልና ጌሾ ግን በሁሉም ዘንድ አሉ። ስለ አጠማመቁ ቅደም ተከተል የጻፉ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን እህሉንና ዕቃውን ሲዘረዝሩ አንዱን ነገር በዝምታ ያልፉታል፤ ይኸውም መጠጡን የሚያፈላው እርሾ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ይህ ጥያቄ የሚነሣበት ምክንያት አለ። አንዲት ሴት ለእንጀራ ሊጥ ስታቦካ ከቀድሞው ቡኮ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምራለች፤ ባይኖራትም ከጎረቤት ትዋሳለች። እርሾውን በስሙ ትጠራዋለች፤ በዐይኗም ታየዋለች። ጠላ ስትጠምቅ ግን በስም ተጠርቶ የሚጨመር እርሾ የለም። ጌሾ፣ ብቅል፣ እንኩሮና ውሃ ይገባሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ጋኑ ውስጥ ያለው ነገር በራሱ መፍላት ይጀምራል። ለባለሙያዋ ይህ የዘወትር ነገር ስለ ሆነ አያስደንቃትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠምቅ ወጣት ግን የማታየውንና በእጇ ያልጨመረችውን ነገር ስለምትጠብቅ፣ ሥጋቷ ብርቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥጋት መነሻ አድርጎ፣ የጠማቂዎችን ልማድ ስለ እርሾ ዛሬ ከታወቀው ነገር ጋር ለማስተያየት የቀረበ ነው። ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ሲነገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ምሳሌ

በአዲስ አበባ ከተማ አንዲት በቅርብ ጊዜ የተዳረች ወጣት ለሐምሌ ሚካኤል ማኅበር ጠላ ስትጠምቅ የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ጽዋው የባሏ ተራ ነበርና እንግዶቹ በሙሉ የእርሱ ወዳጆችና ዘመዶች ናቸው። እናቷ በሩቅ አገር ስለ ነበረች ሊያግዟት አልቻሉም። በቤቷም ጋን ስላልነበረ አዲስ የፕላስቲክ በርሜል ገዝታ፣ በእናቷ ቤት ስታይ እንዳደገችው ጥንስሱን ጠነሰሰች። ወቅቱ ብርድና ዝናብ የበዛበት ነበር። ሁለት ቀን አለፈ፤ ሦስተኛውም ቀን ነጋ። በጥንስሱ ላይ አረፋ የሚባል አልታየም። የገዛችው ብቅልና ጌሾ ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከዋጋውም ይልቅ የከበዳት ግን በማኅበርተኞች ፊት ሙያ የሌላት ሆና መገኘት ነበር። በመጨረሻም በዕድሜ የገፉ ጎረቤቷን ጠርታ፣

«እማማ፣ ጥንስሱ ሞቷል መሰለኝ፤ የዳቦ እርሾ ገዝቼ ልጨምርበት ይሆን?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እርሳቸውም ክዳኑን ገልጠው ካሸተቱ በኋላ፣ «ቆይ ልጄ፣ አልሞተም፤ በርዶታል እንጂ። ይልቅስ ጆሮሽን አስጠጊና አድምጪው» አሏት።

ወጣቲቱ ጆሮዋን ብታስጠጋ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ የካፊያ ድምፅ ያለ ረቂቅ ሹክሹክታ ሰማች። በርሜሉን ከመደቡ አንሥተው ወደ ማድቤት ወሰዱት፤ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠውም በአሮጌ ጋቢ ጠቀለሉት። በማግስቱ ጧት ጥንስሱ አረፋ ደፍቆ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎች ይመነጫሉ። እርሾው ከወዴት መጣ? ለምን ዘገየ? የዳቦ እርሾ ቢጨመርስ ምን ጉዳት ነበረው? እነዚህን ከመመለሳችን በፊት የሥራውን ቅደም ተከተል ባጭሩ እናስታውስ።

የሥራው ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ጋኑ ይታጠባል። የሚታጠበውም በግራዋ ቅጠል እየታሸ ነው፤ ከታጠበም በኋላ በወይራ እንጨት ይታጠናል። ቀጥሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተዘፍዝፎ ይቀመጣል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሲቆይ የብቅል ዱቄት ይጨመርበታል፤ በአንዳንድ አገርም ቂጣ ተጋግሮ ተቆራርሶ ይገባበታል። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ጥንስስ ይባላል።

ከዚህ በኋላ ተቆልቶ የተፈጨው እህል፣ ማለት የአሻሮው ወይም የደረቆቱ ዱቄት፣ በውሃ እየታሸ በምጣድ ላይ እስኪጠቁር ድረስ ይበስላል፤ ይህም እንኩሮ ነው። እንኩሮው ከጌሾ እንጨትና ከተጨማሪ ብቅል ጋር በጥንስሱ ላይ ሲገባ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ የጋኑ አፍ ተከድኖና ተመርጎ እንደ አየሩ ጠባይ ለአምስት፣ ለስድስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ ሲያድር ለመጠጥ ይደርሳል። ሳይጠል የሚጠጣው ጉሽ፣ ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ደግሞ ቅራሪ ይባላል። የአልኮሉም መጠን እንደ አጠማመቁ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ይሆናል።

እርሾው ከወዴት ይመጣል?

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ወደ ጋኑ ከሚገቡት ነገሮች መካከል እንኩሮውና ቂጣው በእሳት ያለፉ ናቸው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ የምጣድ እሳትን ችሎ ሊያልፍ አይችልም። እሳት ያልነካቸው ጌሾውና ብቅሉ ናቸው። ጌሾ ከዛፉ ተቆርጦ በፀሐይ ይደርቃል እንጂ አይቀቀልም። ብቅሉም ቢሆን ገብሱ ወይም ስንዴው በውሃ ርሶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ከበቀለ በኋላ በፀሐይ ይደርቃል እንጂ አይቆላም። እንግዲህ በቅጠልና በእህል ቅርፊት ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው እርሾ ወደ ጥንስሱ የሚገባው በተለይ በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው። ጋኑ ደግሞ የሸክላ ዕቃ ስለ ሆነ ቀዳዳው ረቂቅና ብዙ ነው፤ ግራዋውና ጭሱ ገጹን ቢያጠሩትም ከቀድሞው ጠላ የተረፈው ሁሉ ከሸክላው ውስጥ ፈጽሞ አይጠፋም።

ከዚህ የተነሣ የእናቶች ቅደም ተከተል ምክንያት የሌለው ልማድ እንዳልሆነ እንረዳለን። ያልበሰለው ይቀድማል፤ የበሰለው ይከተላል። መጀመሪያ ጥቂቱ እርሾ በጥቂት ብቅል ላይ እንዲራባ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሠራዊቱ ከበዛ በኋላ ብዙው ስንቅ፣ ማለት እንኩሮው፣ ይመጣለታል። እንኩሮው ከጥንስሱ ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ያ ሁሉ ምግብ ጠባቂ ሳይኖረው ለማናቸውም ባክቴሪያ ሲሳይ በሆነ ነበር።

ጌሾም መራራነትን ለመስጠት ብቻ የሚገባ አይደለም። በጌሾ ውስጥ ያለው መራራ ነገር ብዙ ዐይነት ባክቴሪያ እንዳይራባ ሲያግድ እርሾውን ግን እምብዛም አይጎዳውም። ስለዚህ ጌሾ በአንድ በኩል እርሾውን ተሸክሞ ይገባል፤ በሌላ በኩል የእርሾውን ባላጋራዎች ይከለክላል። አውሮፓውያን በቢራቸው ውስጥ የሚጨምሩት ሆፕስ የተባለው ተክል ሥራውም ሁለተኛውን ይመስላል።

በዚህ ነገር ላይ የእኛ ጠማቂዎች ብቻቸውን አይደሉም። በ1516 በባቫሪያ የወጣው የታወቀው የቢራ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ሲያዝ እርሾን በስሙ አላነሣም። በቤልጅግ አገር በብራስልስ አካባቢ ላምቢክ የሚባለው ቢራ እስከ ዛሬ ድረስ እርሾ ሳይጨመርበት፣ ከአየሩና ከእንጨት በርሜሉ በሚያገኘው ይፈላል። በኖርዌይ ገጠር ደግሞ ገበሬዎች ከጠመቁት ቢራ እርሾውን በእንጨት ላይ አድርቀው ለሚቀጥለው ጊዜ ያቆዩ ነበር። እንግዲህ እርሾን ከአንዱ ጥምቀት ወደ ሌላው የማሻገር ዘዴ በየሕዝቡ ልዩ ልዩ ነው፤ የእኛው በጌሾ ቅጠል፣ በብቅልና በጋን የሚሻገር ነው።

ሊቃውንት ስለ እርሾ ያገኙት

ሆላንዳዊው ሌዌንሁክ በ1680 በሠራው አጉሊ መነጽር የቢራን እርሾ አየ፤ ሆኖም ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አላወቀም። በ1830ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ ካኛር ደ ላቱር፣ በጀርመን ሽቫን እርሾ የሚራባ ሕያው ነገር መሆኑን አስረዱ። ፈረንሳዊው ፓስተር ደግሞ በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ ቢራን የሚያበላሹት ከእርሾ የተለዩ ሌሎች ረቂቃን ነፍሳት መሆናቸውን ገለጸ። በ1883 በዴንማርክ በካርልስበርግ የምርምር ቤት ሐንሰን የተባለው ሊቅ ከአንዲት የእርሾ ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለማግኘት ቻለ። የቢራ ፋብሪካዎች ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሙት በዚህ ዘዴ ነው።

በጠላ ላይም ምርምር ተደርጓል። ለምሳሌ በ1991 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት የታተመው ጥናት በጠላው መፍላት ዋና ሥራ ያላቸው ሳካሮማይሲስ የተባለው የእርሾ ወገንና ላክቲክ አሲድ የሚያወጡት ባክቴሪያዎች መሆናቸውን፣ ከዚያ በኋላ ሲቆይና አየር ሲያገኝ ግን አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ አሲድ የሚለውጡ ሌሎች ባክቴሪያዎች እንደሚመጡ አሳይቷል። ሳካሮማይሲስ ደግሞ ዳቦን የሚያቦካው እርሾ ወገን ነው።

እርሾው ስኳርን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደሚባለው ጋዝ ይለውጣል። በሒሳብ ሲታይ ከ100 ግራም ስኳር 51 ግራም ያህል አልኮልና 49 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣል። በጥንስሱ ላይ የሚታየው አረፋና ጆሮ ሲያስጠጉ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ጋዝ ነው። ነገር ግን እህል በአብዛኛው ስታርች እንጂ ስኳር አይደለም፤ እርሾም ስታርችን እንዳለ ሊበላው አይችልም። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ናቸው። እንኩሮው በእሳት ስላለፈ የራሱ ኢንዛይም የለውም፤ ብቅሉ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በመሆኑም «እርሾው እንቢ አለ» ተብሎ የሚነገርበት ጠላ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእርሾው ሳይሆን በደንብ ያልበቀለ ወይም በእርጥበት የተበላሸ ብቅል ነው።

የጀማሪዋ ሥጋቶች

የመጀመሪያውና የሚበዛው ሥጋት ጥንስሱ አለመነሣቱ ነው። መልሱን በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። አንዲት የእርሾ ሕዋስ በሞቃት ስፍራ በየሁለት ሰዓቱ እጥፍ ብትሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 4,096 ትሆናለች። በብርድ ምክንያት በየስድስት ሰዓቱ ብቻ እጥፍ ብትሆን ግን በ24 ሰዓት 16 ብቻ ትሆናለች፤ ወደ 4,096 ለመድረስ ሦስት ቀን ሙሉ ያስፈልጋታል። ከላይ የተነገረው የሐምሌ ጥንስስ የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያም ላይ በርሜሉ አዲስ ስለ ነበረ ከቀድሞ ጠላ የተረፈ እርሾ አልነበረበትም፤ ሥራው የተጀመረው ከጌሾውና ከብቅሉ በመጣው ጥቂት እርሾ ብቻ ነበር። እንግዲህ አረፋ አለመታየቱ የሞት ምልክት አይደለም። ጆሮና አፍንጫ ከዐይን ይቀድማሉ። ከዚህም ሌላ፣ የተለኮሰ ጭራሮ ወደ ጋኑ አፍ ዝቅ ሲደረግ ቶሎ ከጠፋ ጋዙ መሙላቱን፣ ማለት እርሾው ሥራውን መያዙን ያመለክታል።

ሁለተኛው ሥጋት የሙቀት ነው፤ ይህም በእውነት ሊፈራ የሚገባው ነው። ብርድ እርሾን ያስተኛል፤ ትኩሳት ግን ይገድላል። ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ አብዛኛው እርሾ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ጀማሪዋ ችኩል ሆና እንኩሮውን ከምጣድ እንዳወጣች በጥንስሱ ላይ ብትገለብጠው ቀናት የፈጀውን እርሾ በአንድ ጊዜ ልታጠፋው ትችላለች። እናቶች «በረድ ይበል» የሚሉት ቃል ቴርሞሜትር ሳይኖር የተገኘ ሕግ ነው። መለኪያውም የእጅ ጀርባ ነው፤ ለእጅ የሚፋጅ ለጥንስስም ይፋጃል።

ሦስተኛው መገንፈል ነው። ይህ ከሥጋቶች ሁሉ የሚቀለው ነው፤ እርሾው ብርቱ መሆኑን ስለሚያሳይ ከሐዘን ይልቅ ደስታ ይገባዋል። ጋኑ እስከ አፉ ካልተሞላ ለአረፋው ስፍራ ይኖረዋል። የፕላስቲክ በርሜል ግን እንደ ሸክላ አይተነፍስምና ክዳኑ ፈጽሞ ተጠብቆ ከታሰረ ጋዙ መውጫ አጥቶ ሊያፈነዳው ይችላል።

አራተኛው መሆምጠጥ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት ኮምጣጣነት መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ከላክቲክ አሲድ የሚመጣው ለስላሳ ኮምጣጣነት ሲሆን የጠላ ተፈጥሮ ነው፤ እንዲያውም ሌሎች ጎጂ ባክቴሪያዎችን ስለሚከለክል ጠቃሚ ነው። ሁለተኛው አፍንጫ የሚወጋው የኮምጣጤ ጠባይ ነው፤ ይህ የሚመጣው አየር ሲገባ ነው። ስለዚህ ድፍድፉ ይመረጋል፤ ጋኑም በየጊዜው እየተከፈተ አይታይም፤ ከተከፈተ በኋላም ጠላው ቶሎ ይጠጣል። የጀማሪ ጠማቂ ትልቁ ስሕተት ከዚህ ላይ ይገኛል። እርሾው መሥራቱን ለማየት ጧትና ማታ ክዳኑን ትገልጣለች፤ በዚሁ ጥንቃቄዋም የፈራችውን ጥፋት ታስገባለች። መብልንና መጠጥን ከሰው ዐይን መሸፈን በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ዐይንን ይፍራ እንጂ፣ የተሸፈነ ጋን ከአየርም የተጠበቀ ነውና ጥቅሙ ሳይንስ ከሚለው ጋር ይገጥማል።

የዳቦ እርሾ ይጨመርን?

የዳቦ እርሾ የሳካሮማይሲስ ወገን ስለ ሆነ ቢጨመር ጥንስሱን አይጎዳውም፤ እንዲያውም ፈጥኖ ያስነሣዋል። ታዲያ ጎረቤቲቱ ለምን ከለከሉ? አንደኛ፣ ምክንያቱ ብርድ ከሆነ የተጨመረውም እርሾ መብረዱ አይቀርም፤ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ሁለተኛ፣ ብቅሉ የተበላሸ ከሆነ ደግሞ እርሾ ስኳር ከሌለበት ምንም አይሠራም። ሦስተኛም፣ የጠላ ጣዕም የአንድ እርሾ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የጌሾው፣ የብቅሉና የጋኑ ልዩ ልዩ ነፍሳት ተራ በተራ የሚሠሩት ነው። ከውጭ የመጣ ብዙ እርሾ ሲገባ ሌሎቹን ይቀድማቸዋል፤ ጠላውም ይፈላል እንጂ የቤቱን ጠባይ ያጣል። በአዲስ አበባ በ1922 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን ሁለቱ ዘዴዎች ጎን ለጎን ኖረዋል። የፋብሪካው እርሾ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት እንዲሆን ይፈለጋል፤ የጓዳው ግን በየቤቱ ይለያል፤ «የእገሊት ጠላ» ተብሎ የሚመሰገነውም ስለዚህ ነው።

ማጠቃለያ

መጠንሰስ የሚለው ቃል በአማርኛ ከጋን ወጥቶ ወደ ሌላም ነገር ተሻግሯል፤ ሤራ ይጠነሰሳል፣ አድማ ይጠነሰሳል እንላለን። በሁሉም ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው፤ በስውር ተጀምሮ ጊዜውን ጠብቆ የሚገለጥ ነገር ማለት ነው። ጠማቂዎቻችን እርሾውን በስሙ ባይጠሩትም ጠባዩን ጠንቅቀው ማወቃቸውን ይህ ቃል ራሱ ይመሰክራል።

ዛሬ በከተማ የፕላስቲክ በርሜል የጋንን ስፍራ እየወሰደ ነው። ብዙ ወጣቶችም ከእናታቸው ርቀው ይኖራሉ። ዕውቀቱ ግን በጽሑፍ ያልተቀመጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው፤ «በረድ ይበል»፣ «አድምጪው»፣ «አትክፈችው» በሚሉ አጫጭር ቃላት ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ በየአገሩ ጥናት የሚያደርጉ ተማሪዎች የእህሉን መጠንና የዕቃውን ስም ብቻ በመመዝገብ እንዳይወሰኑ ያስፈልጋል። ጥንስሱ በስንት ቀን ተነሣ? ወቅቱና ሙቀቱ ምን ነበር? ጋኑ አዲስ ነው ወይስ የቆየ? ጠማቂዋ መድረሱን በምን አወቀች፤ በማሽተት ነው፣ በመስማት ነው ወይስ በመቅመስ? ማንስ አስተማራት? ጥንስሱ እንቢ ባለ ጊዜ ምን አደረገች? ሁሉ ነገር ሲሰምር ባለሙያ ብዙ አትናገርም፤ ምክንያቱን የምትገልጸው ነገሩ ሲበላሽ ነውና፣ የጀማሪ ሥጋት ለተመራማሪ ጥሩ በር ነው።

የዚያች ወጣት ጠላ በሐምሌ ሚካኤል ዕለት ለማኅበርተኞቹ ቀረበ፤ ጽዋውም ሳይጎድል ዞረ። ጋንም በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፣ ያን ሁሉ ድግስ የደገፈው በዐይን የማይታይ ትንሽ ነገርና ከአንዲት አሮጊት አፍ የወጣ አጭር ምክር ነበር።